ማታ ከምን ጋር ያድራሉ?

ዛሬ ልናጫውታችሁ የፈለግነው ስለ አንዲት ትንሽ እንስሳ ቤት ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ለእኛም ቀላል መስሎን ነበር፤ ጥፋታችንም የጀመረው ከዚያ ነው።

የምንኖረው ለንደን ነው። ከቤታችን ጀርባ ትንሽ የሣር ግቢ አለችን። እ.ኤ.አ. በ2022 ዒድ አልፊጥር ሲቃረብ፣ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረችው ትልቋ ልጃችንና ታናሽ ወንድሟ «ጊኒ ፒግ ግዙልን» ብለው ቀን ከሌት ነዘነዙን። መጀመሪያ ያስደነገጠን ስሙ ነው። «ፒግ» በእንግሊዝኛ አሳማ ማለት ነውና። ሌሎቹ ቋንቋዎችም አልረዱንም፤ ፈረንሳዮች የህንድ አሳማ፣ ጀርመኖች የባሕር አሳማ ይሏታል፤ በዐረብኛ ሳይቀር «ኺንዚር ጊኒያ» ትባላለች። ዝምድናዋን ስናጣራ ግን ከአሳማ ጋር የሚያገናኛት አንዳች ነገር አጣን። ሣር የምትበላ፣ ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድግ፣ ከተራዋ አይጥ ይልቅ ለእኛው ጃርት የምትቀርብ እንስሳ ናት። ከጊኒም አልመጣችም፤ አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። በፔሩና በኢኳዶር ገጠሮች ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ ለምግብ ያረቧታል። ልጆቹ የቅዳሜ መድረሳ ኡስታዛቸውን ቢጠይቋቸው ሳቁና «ስሟን ተዉትና፣ ማን ያበላታል? ማንስ ያጸዳላታል?» አሏቸው። ሁለቱም እጃቸውን አወጡ።

ሁለት ገዛን። ብቻዋን መኖር የማትችል እንስሳ ናት፤ ስዊዘርላንድማ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ደንብ አንዲቷን ለብቻ ማኖርን ከልክላለች። ሁለቱም ሴቶች ነበሩ። ልጆቹ ነጣ ያለችውን ጤፍ፣ ጥቁሯን ኑግ አሏቸው።

ቤታቸውን የመረጥነው ለዓይን ነው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ትንሽ መስኮት ያለው፣ ጣራው እንደ ሰው ቤት ያዘነበለ የእንጨት ቤት ነበር። ፊቱ በስስ የዶሮ ሽቦ ተሸፍኗል፤ በሩ የሚዘጋው በአንዲት ምስማር ላይ በምትዞር ቁራጭ እንጨት ነው። ሻጩን «ውጪ ማደር ይችላሉ?» አልነው። «ለውጪ ተብሎ የተሠራ ነው» አለን። ከዚያ በላይ አልጠየቅንም። ልጆቹ ለመስኮቱ መጋረጃ ማን ይስፋ በሚለው መጣላት ጀምረው ነበርና እኛም ከፍለን ወጣን።

በሰኔ ወር እናታችን ከወሎ ሊጠይቁን መጡ። ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን አጨፈገጉ። እንስሳቱን ሲያዩ ግን ጎንበስ ብለው መረመሩና «አዬ! ይቺማ ጅራት የሌላት አይጥ ናት» አሉ። እውነትም ጅራት የላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው «ጅራተ ቢሶቹ» ሆነ። እናታችን ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ሽቦውን በጣታቸው ገፋ አደረጉና «ማታ ከምን ጋር ያድራሉ?» ብለው ጠየቁን።

«እዚሁ ናቸው እማዬ፤ ቤታቸው እኮ ነው።»

«ዶሮ እንኳ ቤት ገብታ ቆጥ ላይ ነው የምታድረው። እዚህ አገር ሸለምጥማጥ የለም?»

ሳቅን። ለንደን ውስጥ ሸለምጥማጥ! ማታ ማታ በአጥራችን ላይ እየተንጎራደደ የሚያልፈውን ቀበሮ አንዳችንም አላሰብነውም። ቀበሮ ስንላችሁ እንደ ባሌው ቀይ ቀበሮ ከሰው ርቆ የሚኖር አይምሰላችሁ፤ የለንደኑ የቆሻሻ ከረጢት ቀዶ የሚበላ፣ ብታባርሩት ዞር ብሎ ትኩር ብሎ የሚያያችሁ ነው።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ የመጣው ግን በሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2022 እንግሊዝ አገር በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ የተመዘገበበት ቀን ነበር፤ ኮኒንግስቢ በምትባል ስፍራ 40.3 ደረሰ። የእኛ ቆንጆ ቤት ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። እኛ ሥራ ላይ ነበርን። እናታችን ቀትር ላይ ወጥተው ቢያዩ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘርረው ያለከልካሉ። በነጠላቸው አቅፈው አስገቧቸውና ወጥ ቤቱ ሸክላ ላይ፣ በእርጥብ ፎጣ አጠገብ አስተኟቸው። ይህች እንስሳ አያልባትም፤ ከ26 ዲግሪ በላይ ያለ ሙቀት ሊገድላት ይችላል። ይህን ያወቅነው ማታ እናታችን በቁጣ ካናገሩን በኋላ አንብበን ነው። ቤቱን ወደ ጥላ አዞርነው። እንግዲህ ተስተካከለ ብለን ተቀመጥን። እናታችንም በመስከረም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በኅዳር አንድ ሌሊት፣ ለሱብሒ ስንነሳ በወጥ ቤቱ መስኮት የቤቱን በር ተከፍቶ አየነው። ቁራጯ እንጨት ዞራለች፤ ሽቦው ከታች ጥጉ ላይ ከእንጨቱ ተነቅሎ ተጠቅልሏል። ኑግ የለችም። ጤፍ በመኝታው ክፍል ጥግ ድርቆሽ ውስጥ ተቀብራ እንደ ድንጋይ ደርቃ ነበር፤ ቁስል የላትም፣ ግን ስንነካትም አልተንቀሳቀሰችም። እኛን ከሁሉም በላይ የቆጨን ዝምታው ነው። የፍሪጅ በር ሲከፈት ቃሪያ የመጣላት መስሏት ቤቱን በፉጨት የምትሞላ እንስሳ፣ አደጋ ሲመጣባት ድርቅ ብላ ነው የምትቀረው። ከመኝታችን አሥር ሜትር በማይሞላ ርቀት ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ድምፅ አልሰማንም።

ወንድ ልጃችን የጠየቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «በሩን ማን ነው ሳይዘጋ የቀረው?» ተዘግቶ ነበር። ይህን ነገርነው፤ እውነትም ነው፤ ግን መልስ እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል። እህቱ ሁለት ቀን አልተናገረችም። እኛ ሁለታችን ደግሞ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «አንተ ነህ የመረጥከው»፣ «አንቺ ነሽ ያጣደፍሽኝ» ተባባልን። በሳምንቱ ቅዳሜ ኡስታዙ ለልጆቹ የአቡ ዑመይርን ታሪክ ነገሯቸው፤ ትንሽ ወፉ ሞታበት ያዘነውን ሕፃን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ወፉ እየጠየቁ እንዴት እንዳጫወቱት። ልጃችን ያን ቀን ምሳውን በላ።

እኛን ያሳሰበን ግን ሌላው ታሪክ ነው፤ ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት የሞተችባት ሴት ታሪክ። እኛ አብልተናል፣ አጠጥተናል። ነገር ግን ያሰረ ሰው ዕዳው በምግብ አያበቃም። ኑግ ሜዳ ላይ ብትሆን ኖሮ ትሮጥ ወይም የድንጋይ ሥር ትገባ ነበር። መሮጫውን የወሰድንባት እኛ ነን።

ከዚያ በኋላ ቤትን ከሱቅ ሳይሆን ከቀበሮው ወገን ሆነን ማየት ጀመርን። የዶሮ ሽቦ ዶሮን እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ ቀበሮን እንዳይገባ አያግድም፤ በጥርሱና በጥፍሩ ይበጥሰዋል። የሚያስፈልገው የተበየደ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ትልልቅ አይጦችንም አያሳልፍም። ሽቦው ከውጪ በቀጭን ምስማር ከተለጠፈ ስቦ ይነቅለዋል፤ ስለዚህ ከውስጥ በኩል በብሎንና በሮንዴላ አሰርነው። በሩ ላይ፣ ከላይም ከታችም፣ የብረት መወርወሪያ ገባ፤ በላዩም ጓጉንቸር። ከመሬት በጡብ ከፍ አደረግነው፤ እርጥበት ሳንባዋን ይጎዳልና። ወለሉ ድፍን ጣውላ መሆን አለበት፤ የሽቦ ወለል እግሯን ያቆስላል። ለሁለት እንስሳት ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ነው፤ እኛ ከዚያ አስፍተን ሠራን። በቀን የሚሮጡበት አጥርም ጣራ አለው፤ ቀበሮ ቆፍሮ እንዳይገባ በዙሪያው 30 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ሣሩ ላይ አነጠፍን። ጎረቤታችን «ከጥንቸሌ ጋር አንድ ላይ ይኑሩ» ብለውን ነበር፤ አመስግነን እምቢ አልን። ጥንቸል በእርግጫ ትጎዳቸዋለች፤ ራሷን ሳያማት ለእነርሱ የሳንባ በሽታ ልታስተላልፍም ትችላለች።

ይህን ሁሉ ከሠራን በኋላም ሌሊት ውጪ አናሳድራቸውም። ይህ የእኛ ውሳኔ ነው፤ ቦታ የሌለው ሰው ጠንካራ ቤት ሠርቶ፣ በድርቆሽ ሞልቶ፣ በሸራ ሸፍኖ ያሳድር ይሆናል። እኛን ያሳመነን አንድ ነገር ነው፦ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ወደ ቤት አስገቧቸው ይላሉ አዋቂዎቹ፤ ለንደን ደግሞ ስንት ሌሊት ነው ከዚያ በላይ የሚሞቀው? በአንዲስ ተራሮች ያሉት ገበሬዎች እንኳ ይህችን እንስሳ የሚያኖሯት ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ እሳቱ አጠገብ ነው። ይህን ያነበብን ዕለት ተያየን። እናታችን ያሉትን ነበር ያነበብነው፤ ቆጥ!

ለጤፍ ጓደኛ አመጣንላት፤ ልጆቹ ተልባ ብለዋታል። በደረቅና በመጠነኛ ቀን ውጪ ይውላሉ፤ መግሪብ ሲቃረብ ወጥ ቤት ጥግ ወዳለው ቦታቸው ይገባሉ። የምታስገባቸው ትልቋ ልጃችን ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ከኋላዋ ሄዶ መወርወሪያዎቹን ይነካካል፤ ባዶ ቤት ነው የምትቆልፈው ብንለው አይሰማም።

እናታችን በየሳምንቱ በስልክ ይደውላሉ። ከሰላምታ ቀጥሎ፣ ስለ ሥራችንም ስለ ጤናችንም ሳይሆን፣ «ጅራተ ቢሶቹ ገቡ?» ይላሉ። ልጅቷ ስልኩን ወደ ጥጉ አዙራ ታሳያቸዋለች። ባለፈው ሳምንት በመሃል አንዳችን ፍሪጅ ብንከፍት ጤፍ ብድግ ብላ አፏጨች።

«ይቺ ሆዳም አሁንም አለች?» አሉ እናታችን ከወዲያ።