ያየም ባለዕዳ ነው

የበቀል ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያፋጥጡት ሁለት ሰዎችን ነው፤ በዳይንና ተበዳይን። የእኛም ተረት ከሁለቱ አያልፍም፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንላለን። ሲወጋ ቆሞ ያየውስ? ኤመራልድ ፌኔል ጽፋ ያዘጋጀችው «ፕሮሚሲንግ ያንግ ውማን» የተሰኘው ፊልም ስለዚህ ሦስተኛ ሰው የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታይቶ፣ በ2021 በምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ ኦስካር አሸንፏል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሴት ወንዶችን የምትበቀልበት ትሪለር እንደሆነ ነው። ልብ ብሎ ላየው ግን ካሲ የምታሳድደው የሰው ደም አይደለም፤ «አይቻለሁ፣ ጥፋቴ ነው» የሚል ቃል ነው። ፊልሙን ያላያችሁ መጨረሻውን ጭምር ስለማነሳ አስቀድማችሁ እዩት።

ካሲ ቶማስ (ኬሪ ሙሊጋን) በአንድ ወቅት ጎበዝ የሕክምና ተማሪ ነበረች። አሁን 30 ዓመት ሞልቷት ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ካፌ ውስጥ ትሠራለች። የልጅነት ጓደኛዋ ኒና በተማሪዎች ፓርቲ ላይ ራሷን እስክትስት ሰክራ ሳለች አል ሞንሮ የተባለ ተማሪ ደፈራት። ጓደኞቹ ቆመው አዩ፣ ሳቁ፣ በስልክ ቀረጹ። ኒና አቤት ብትልም ሰሚ አጣች፤ ትምህርቷን ጥላ ወጣች። ካሲም እሷን ለማስታመም ተከትላት ወጣች። ኒና ዛሬ በሕይወት የለችም። ከዚያ ወዲህ ካሲ በየሳምንቱ መጠጥ ቤት ገብታ ሰክራ የወደቀች ትመስላለች። አንድ «ደግ» ሰው ቤቷ ላድርሳት ብሎ ይነሣል፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ራሱ ቤት ይወስዳታል። ልብሷን ማውለቅ ሲጀምር ዓይኗን ትገልጣለች፤ ቀና ብላ አንድ ጠብታ ባልቀመሰ ሰው ድምፅ ምን እያደረገ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። ቢላዋ የለም፣ ሽጉጥ የለም። ሰውየው ግን ይርበደበዳል፤ ሊያደርገው ባሰበው ነገር ላይ የተጨመረው አንድ ምስክር ብቻ ሆኖ ሳለ ይርበደበዳል። ፌኔል ለፊልሙ ወንዶች የመረጠቻቸው እንደ አዳም ብሮዲና ቦ በርነም ያሉ ተመልካች በቀላሉ የሚወዳቸው ተዋንያን መሆናቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ክፉ ሰው በመልኩ ይታወቃል የሚለውን ማጽናኛችንን ትነጥቀናለች።

ካሲ አል ሊያገባ መሆኑን ስትሰማ በመጀመሪያ የምትሄደው ወደ እሱ አይደለም። መጀመሪያ የምታገኛት ወሬውን ያኔ ሰምታ ኒናን የነቀፈችውን የድሮ ጓደኛቸውን ማዲሰንን ነው። ቀጥላ አቤቱታውን ያጣጣለችውን የኮሌጁን ዲን፣ ከዚያም ለአል የቆመውን ጠበቃ ታገኛለች። ማዲሰን ጥፋቱን በሰካራሟ ላይ ትደፈድፋለች። ዲኗ የኒናን ስም እንኳ አታስታውስም፤ እንዲህ ባለ ክስ የአንድን ወጣት የወደፊት ሕይወት ማበላሸት አይገባም ትላለች። ጠበቃው ግን ሌላ ነው። እንደ ኒና ያሉ ከሳሾችን ስም ማጉደፍ ሥራው እንደነበር ሳይሸሽግ ይናገራል፤ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ራሱን ይቅር ማለት እንዳቃተው ይነግራታል። ካሲ እሱን የሚደበድብ ሰው ቀጥራ ውጪ አቁማለች። ቃሉን እንደሰማች ግን ይቅር ትለዋለች፤ ተደባዳቢውንም ታሰናብታለች። የክርክሬ ዋና ማስረጃ ይህ ነው። ደም የጠማት ብትሆን እጇ የገባውን ሰው አትለቀውም ነበር። የፈለገችውን ከነገራት በኋላ ግን ከእሱ ጋር የቀራት ሒሳብ የለም።

የካሜራው አያያዝም ይህንኑ ይናገራል። በ1978 የወጣውን «አይ ስፒት ኦን ዩር ግሬቭ» የመሰሉ የቀድሞ የበቀል ፊልሞች በደሉን በረጅሙ ያሳዩናል፤ በቀሉ እንዲጣፍጠን ስቃዩን ቁጭ ብለን እናያለን። ፌኔል ይህን ወንበር ከለከለችን። ማዲሰን ያን ቪዲዮ የያዘውን አሮጌ ስልክ ለካሲ ስትሰጣት እኛ የምናየው የካሲን ፊት ነው። ከስልኩ የሚሰማን ጫጫታና ሳቅ ነው፤ በመሐሉም ካሲ የወደደችው፣ አሁን የሕፃናት ሐኪም የሆነው የራያን ድምፅ አለ። ኒናን አልነካትም፤ እዚያው ቆሞ ነበር። በሐቁ ስትፋጠጠው ያኔ ልጅ እንደነበር ሊያስረዳት ይሞክራል፤ ይቅርታውንም የሚለምነው ሊያጣ ያለውን ነገር ለማዳን ነው።

ይህ በደራሲ ምናብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በጥር 2015 በካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አንድ ተማሪ ራሷን በሳተች ሴት ላይ ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጽም ተያዘ። በ2016 የተፈረደበት የ6 ወር እስራት ሲሆን የቆየው 3 ወር ነው። ዳኛው ረጅም እስር በወጣቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ እንደሚሆን ገልጸው ነበር፤ በ2018 መራጩ ሕዝብ ከወንበራቸው አነሣቸው። የፊልሙ ዲን የምትናገረው ይህንኑ አስተሳሰብ ነው። ከዚህ ጉዳይ ሊረሳ የማይገባው ግን ሌላ ነው። አጥፊውን የያዙት በብስክሌት ሲያልፉ የነበሩ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች ናቸው። ቆሙ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ ጠየቁት፣ ሲሮጥ አባረው ያዙት፣ ፍርድ ቤት ቀርበውም መሰከሩ። ኒና በተደፈረችበት ክፍል ውስጥ የጠፋው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ፊልሙን የሚነቅፉ ሰዎች ቁም ነገር አላቸው። ካሲ ራሷ ትበድላለች ይላሉ፤ እውነት ነው። ማዲሰንን አስክራ ሳትደፈር የተደፈረች እንዲመስላት ታደርጋለች። ምንም ያላጠፋችውን የዲኗን ልጅ አታልላ ትወስዳለች፤ ጉዳት ባይደርስባትም እናቷን ታሸብራለች። ይህን ልክ ነው አልልም፤ ፊልሙም አያሽሞነሙነውም። ሐዘኗ ወደ ጭካኔ እየገፋት እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ነገር ግን ዲኗ ለልጇ በአንድ አፍታ የተሰማትን ድንጋጤ ለኒና ለምን አልተሰማትም የሚለው ጥያቄ በካሲ ጥፋት አይሰረዝም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከበድ ይላል። ካሲ በመጨረሻ ወደ አል ሄዳ በእጁ ትሞታለች፤ ፍትሕ የሚመጣው በፖሊስ ነው። ኒናን ያልሰማ ሥርዓት ካሲን ይሰማል ብሎ ማመን የዋህነት ነው ይላሉ። እኔ ግን መጨረሻው የቆመው በፖሊስ ላይ አይመስለኝም። አል በትራስ አፍኖ ሲገድላት ትዕይንቱ ያለ ምሕረት ይረዝማል። በማግስቱ ጓደኛው ጆ ጥፋቱ ያንተ አይደለም እያለ ያጽናናዋል፤ ሬሳዋን ያቃጥሉታል። ፖሊስ ራያንን ሲጠይቀው የት እንደሄደች እያወቀ ይደብቃል። ከዓመታት በኋላም ያዩት ሁሉ እንደገና ዝም አሉ። አልን በሠርጉ ዕለት በካቴና ያሳሰረው ካሲ አስቀድማ ለጠበቃው የላከችው ማስረጃ ነው። ጥፋቱን ያመነው ያ አንድ ሰው አደራውን ባይወጣ ፖሊስ የሚመጣበት ምክንያት አልነበረም። ፍትሑ ዘግይቷል፤ ሁለት ሴቶችም አልቀዋል። ማንም ይህን ድል ብሎ ሊጠራው አይገባም።

ሦስተኛው ነቀፌታ የሁላችን ነው፤ ሰው ባላደረገው ነገር እንዴት ይጠየቃል? በሕግ ፊት ያየና ያደረገ እኩል አይደሉም፤ መሆንም የለባቸውም። ነገር ግን አል ያን ሌሊት የተማመነው በጉልበቱ ብቻ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት እንደሚስቁ፣ በማግስቱ «ሰክራ ነበር» እንደሚሉ፣ ትምህርት ቤቱ ስሙን እንደሚጠብቅ ያውቅ ነበር። ከእነዚያ ሳቂዎች አንዱ «ተው!» ቢል ኒና ትተርፍ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ያየ፣ የሰማ፣ በስልኩ የደረሰው ሰው ካለ፣ ተበዳይዋን «ያለፈው አልፏል፣ ተይው» ከማለቱ በፊት ያየውን ይናገር። ያጠፋም ካለ ሳይጠየቅ ይመን።