ቀይ የደም ሕዋስ ሲያረጅ፦ የመተማ ወባና አንድ ኢንዛይም

በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ የሚደርሰው ወባ በሚበረታበት ወቅት ነው። ከደጋ ወርዶ በሰው እርሻ የሚያጭድ የጉልበት ሠራተኛ በቫይቫክስ ወባ ሲያዝ፣ በደሙ ያለውን ተሐዋሲ የሚገድል መድኃኒት ብቻ አይበቃውም፤ በጉበቱ ያደፈጠው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ አገሩ ከገባ ወዲያ፣ ሊያገረሽበት ይችላል። ያደፈጠውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን ነው። ይሁን እንጂ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ዲሃይድሮጅኔዝ (ጂ6ፒዲ) የተባለው ኢንዛይም ባነሰው ሰው ላይ ይኸው መድኃኒት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈራርሳል።

ስለዚህ ኢንዛይም «አለው» ወይም «የለውም» ብሎ መናገር የተለመደ ነው። አነጋገሩ ቅጽ ለመሙላት ይመች ይሆናል እንጂ ሥነ ሕይወቱን አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ2008 በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የታተመ ጥናት፣ የዚህኑ ኢንዛይም ጂን ከወትሮው አብልጦ እንዲሠራ ማድረግ የዝንቧን ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳይቷል። ኢንዛይሙ ሕዋስን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ለመከላከል የሚያስፈልገውን ኤንኤዲፒኤች ያመርታልና ውጤቱ አያስገርምም። ዝንቧ ግን የጎደለውን ከጂኗ እያመረተች ትተካለች። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ይህ ዕድል የለውም። ከመቅኔ ሲወጣ ኒውክሊየሱን ጥሎ ነው፤ ይዞት በወጣው ስንቅ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። በጤናማው ዓይነት የኢንዛይሙ አቅም በግማሽ የሚቀንሰው በ62 ቀን ገደማ ሲሆን፣ በአፍሪካ በብዛት በሚገኘው «ኤ ማይነስ» በተባለው ዓይነት ግን በ13 ቀን ገደማ ነው። ፕሪማኪን ሲወሰድ ያረጁት ሕዋሳት ቀድመው የሚፈርሱት ስለዚህ ነው፤ ወጣቶቹ ይተርፋሉ።

ችግሩ ይህ የዕድሜ ልዩነት ምርመራውንም ማሳሳቱ ነው። ወባ ያፈረሰውን ለመተካት መቅኔ ወጣት ሕዋሳትን ወደ ደም ይልካል፤ የእነርሱ ኢንዛይም ገና አልተሟጠጠም። በሕመሙ ማግስት የተቀዳ ደም፣ እጥረት ያለበትን ሰው ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። ጥቂት ቆይቶ ምርመራውን መድገም ለላቦራቶሪ ባለሙያው ቀላል ምክር ነው፤ የቀን ሒሳቡን ተቀብሎ መንገድ ለጀመረ አጫጅ ግን አይደለም። እጥረቱ ለተረጋገጠበት ሰው የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ፕሪማኪንን በቅርብ ክትትል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ8 ሳምንታት መስጠትን ነው። በስምንተኛው ሳምንት ያ ሰው መተማ ላይ አይገኝ ይሆናል፤ የምርመራ ውጤቱም አብሮት ካልተጓዘ፣ በደጋው ጤና ጣቢያ የሚቀበለው ባለሙያ ሁሉን እንደገና «አለው ወይስ የለውም» ብሎ ይጀምራል።