ከመተማ ድልድይ ወዲህና ወዲያ

መተማ ዮሐንስን አብዛኞቻችን የምናውቃት በኬላዋ፣ በሙቀቷና በሰሊጥ ጆንያዋ ነው። እኛም አብረን የምንነግድ አራት ሴቶች እንዲሁ ነበርን። ወረቀት እስኪያልቅልን ስንጠብቅ ግን በእግር መዞር ለመድን።

ሕንጻ ለማየት ለሚመጣ ሰው ከተማዋ ብዙ የላትም። ቆርቆሮና ጭቃ ቤት ነው፤ ማዶ ገላባት ደግሞ ሱዳኖቹ ጉጢያ የሚሉት ክብ የሣር ጎጆ። በመካከል ደረቅ ወንዝና አጭር ድልድይ አለ። ድንበሩ በ1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ ስምምነት ሲሰመር አንዱ ገበያ ለሁለት መንግሥት ተከፈለ።

ታሪኩ ያለው ሜዳው ላይ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት እዚህ ነው፤ በማግስቱ አረፉ። በ1933 ጥቅምት ማብቂያ ላይ ደግሞ እንግሊዞች ከሕንድ ወታደሮች ጋር የገላባትን ምሽግ ከጣሊያን ነጠቁ፤ መተማን ግን አልቻሏትም። ከጦርነቶቹ በፊት ቡና፣ ሰምና በቅሎ ከደጋ ይወርድባት ነበር። ሰውም ይሸጥባት ነበር፤ ስለ ጥንቱ ገበያ ስናወራ ይህን ባንዘል ደግ ነው።

ገዳሪፍ የቀድሞ ስሟ ሱቅ አቡ ሲን ነው። የዛሬውን ስም ሰዎቹ «ገበያውን የጨረሰ ይሂድ» ከሚል የዐረብኛ አባባል ነው የመጣው ይላሉ። እውነት ይሁን አይሁን፣ ለነጋዴ ከተማ ይስማማል። እኛ ግን ገበያችንን ሳንጨርስ ነው የቀረነው።

አሮጌው ሰፈር ውስጥ የደንበኛችን የሐጂ ቤት አለ፤ ሰፊ ግቢ፣ የኒም ዛፍ፣ ራኩባ የሚሉት የሣር ዳስ። ቡናና በርበሬ በዱቤ ወስደው ሳለ ሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተነሣ። ጂኔሁ በየቀኑ ወረደ። ከእኛ ሁለታችን «ሄደን እንጠይቅ» አልን፣ ሁለታችን «በዚህ ሰዓት ነውር ነው» አልን። በክረምቱ ሄድን።

ግቢው ከካርቱም በሸሹ ዘመዶቻቸው ሞልቶ ነበር። ዳሱ በአንሶላ ተከፋፍሎ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ ተቀምጧል። ሐጂ ዝንጅብል የገባበት ቡና ሳይደርስ ደብተራቸውን አመጡ። «ልጆቼ፣ ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ ገንዘቡ ግን ገንዘብ አይደለም» አሉን።

ደብተሩን ይዘን ዝም አልን። ኮሌጅ የተማርነው የሒሳብ መዝገብ እንዲህ ላለው ነገር ዓምድ የለውም። በመጨረሻ ዕዳውን ከጂኔህ አውጥተን በሰሊጥ ቆጠርነው፤ ያውም ዱቤው በተሰጠበት ቀን ዋጋ። በእሳቸው ቅንጣር ይሁን በእኛ ኩንታል የሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን፤ ሴቶቹም ሳቁብን።

አዝመራው ሲገባ ግማሹ በጭነት መኪና ድልድዩን ተሻግሮ ደረሰን። የቀረው በሁለቱም ደብተር ላይ ተጽፎ አለ።