ቁጥሩ ወርዷል ብዬ

አጎቴ መርሳ ላይ ብርቱካንና ማንጎ ሲያለማ የኖረ ሰው ነበር። ጎኑን ሲወጋውና ሰውነቱ ሲከሳ ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ሥር አጠጣው። ከቤተሰቡ የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ወልድያም ሩቅ አይደለም፤ ግን ሽማግሌ መቃወም ከብዶኝ ዝም አልኩ። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ጉበቱ ላይ ዕጢ አሳየ፤ ደሙም ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘ። አዲስ አበባ ወስደነው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣለት።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት አልፋ ፊቶፕሮቲን የሚባለው የደም ምርመራ ከ400 በላይ ነበር። በኋላ ወርዶ እንደ ጤነኛ ሰው ሆነ። «አብሽር አጎቴ፣ ቁጥሩ ወርዷል፤ ድነሃል» አልኩት። ሐኪሙ ግን «በየሦስት ወሩ ተመለሱ» ነበር ያለን። ቀጠሮው ሲደርስ የማሽላ አጨዳ ሆነ። «እህሉን ላስገባና» ሲለኝ አልተከራከርኩም፤ ወረቀቱን አምኜ ነበር። ከአጨዳው በኋላ ሌላ ምክንያት መጣ። ሆዱ አብጦ ስንመለስ ዕጢው ዳግም አድጎ፣ በቀዶ ሕክምና የማይወጣ ሆኖ ቆየን።

ማንበብ የጀመርኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። አልፋ ፊቶፕሮቲን ፅንስ በማህፀን ሳለ ጉበቱ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ የጉበት ካንሰር ሲይዝ እንደገና መመረት ይጀምራል። ሶቪየታዊው ጋሪ አቤሌቭ እ.ኤ.አ. በ1963 ዕጢ ባለባቸው አይጦች ደም ውስጥ አገኘው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ከፍ ካለ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። መውረዱ ዕጢው መውጣቱን ያሳያል እንጂ በሽታው አይመለስም ማለት አይደለም። ጭራሽ የማያመርቱት ዕጢዎችም ብዙ ናቸው። ዕጢው ወደ ጥቃቅን የደም ሥሮች ገብቶ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ማየትም የታማሚውን ዕጣ ለመገመት ይረዳል። የዕጢውን ጂን የሚያነቡ ምርመራዎችም እየተጠኑ ነው። አንዳቸውም ግን ክትትልን አይተኩም፤ ዕጢው ከወጣላቸው 100 ሰዎች እስከ 70 በሚደርሱት ላይ በ5 ዓመት ውስጥ ይመለሳል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ማሽላውን ራሴ አጭድለት ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ሌላም አለ። ደሙ ውስጥ የተገኘው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከባል ወደ ሚስት እንደሚተላለፍ እያወቅን፣ እሱ እስኪሞት ድረስ ከቤተሰቡ አንድም ሰው አላስመረመርንም። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን ሳንከተብ አድገናል። እባካችሁ ተመርመሩ። ቫይረሱ ከተገኘባችሁ ጉበታችሁን የሚጠብቅ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ካልተገኘባችሁ ተከተቡ።