ደም የገባለት

ውበትን ዓይን ያየዋል፤ ደም ግባትን የሚያየው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ወልቂጤ ገበያ መልኳ ይህን ያህል የማይባል፣ ሚዛኗም ከሌላው የማይለይ ቅቤ ሻጭ ፊት ሰው ይጋፋል። አጠገቧ ያለችው ቆንጆ ግን ዝንብ ታባርራለች። ምክንያቱን የጠየቅኋቸው እናት «ደም ግባት ነዋ፣ ልጄ!» ብለው ዘጉት።

ቃሉ ምስጢሩን አይደብቅም፤ ደም ገባ ነው። ፊት ላይ ደም ሲገባ ሰው ይፈካል። ደም የሸሸው ፊት የታመመ ወይም የደነገጠ ሰው ፊት ነው፤ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ዋጋ መከራከር ማንም አይወድም። ታዲያ ቃሉ ከፊት ወዝ ተነሥቶ መወደድ ላይ ቢደርስ ምን ይገርማል? በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም ልዩነቱ ገብቷቸው ነበር፤ ኢሳይያስ 53 ላይ መልክንና ውበትን ጠቅሰው ሲያበቁ፣ ሰውን የሚያስወድደውን ደም ግባት ለብቻው አስቀመጡት።

የሰውን መወደድ ከደሙ የምንፈልገው እኛ ብቻ አይደለንም። ከቡታጅራ ተነሥቶ ዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ ሰው ይነግራችኋል፤ ዓረብ ተጫዋቹን «ደሙ ቀላል»፣ የማይጥመውን «ደሙ ከባድ» ይላል። ዓረብ ይመዝናል፣ እኛ እንቀምሳለን፤ የእኛው «ደመ መራራ» ነውና።

በዚህ በደመ መራራ ነገር ቅሬታ አለኝ። ሰውየው ምን አደረገ? ሰላም አለ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ሄደ። በከንቱ የጠላነው እኛ፣ ጥፋቱ የተገኘው ግን እሱ ደም ውስጥ። ምላሱ የእኛ፣ ምሬቱ የእሱ! ከዚህ የተመቸ ማላከኪያ አላየሁም።

የአገር ሽማግሌዎች ምርቃት ይሻለኛል። ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት ገብቶ ወደ መርካቶ የሚመለሰውን ወጣት ሲመርቁ «በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ» ይሉታል። ሞገስ ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። እንደ ደም አብሮ አይወለድም፤ ይሰጣል፣ ስለዚህም ይለመናል። ዮሴፍ እንኳ በወህኒው አለቃ ዓይን ሞገስ ያገኘው ተሰጥቶት ነው፤ ስለ ደሙ የተነሣ ነገር የለም።

ወጣቱ የሚመለሰው ግራና ቀኙ ያው ሸቀጥ በዚያው ዋጋ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነውና ምርቃቱ የሥራ ማስኬጃው ነው። «አሜን» ብሎ ሲነሣ ታዲያ «ሚዛኑንም አደራ» የሚሉ አይጠፉም።