የየካቲት 23 ቀጠሮ

የካሊፎርኒያ መንግሥት ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ፥ ካል ግራንት የሚባለው፥ ዋናው የማመልከቻ ቀን በሕግ ማርች 2 ላይ ይዘጋል። ይኸውም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23፥ የዐድዋ ድል ቀን ነው። ይህን ለአባታችን ብንነግራቸው ደስ አላቸው። ደስታቸው የቆየው ግን ቅጹ ምን እንደሚጠይቅ እስኪሰሙ ድረስ ነበር።

እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን። ትልቁ ከእናንተ ጋር በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ታናሹ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ሙያ ይማራል።

ድጎማው ብድር አይደለም፥ አይመለስም። በ1955 ዓ.ም. (በፈረንጅ አቆጣጠር) ከተጀመረው የስኮላርሺፕ ሕግ የመጣ ሲሆን ዛሬ ኤ፥ ቢ፥ ሲ ተብሎ ተከፍሏል። ቢ ለድኻ ልጅ ነው፤ ለኑሮ በዓመት እስከ 1,648 ዶላር ይሰጣል፤ የትምህርቱን ክፍያ ግን ለአብዛኞቹ የሚችለው ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። ሲ ለሙያ ተማሪ ነው፤ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚማር ለመጽሐፍና ለመሣሪያ 1,094 ዶላር፥ ያውም ቢበዛ ለሁለት ዓመት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መሣሪያ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ይህን ለማግኘት የወላጅ ገቢ መታወቅ አለበት። የከበደንም ይኸው ነው። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን «ስንት ያገኛሉ?» ብሎ አይጠይቅም። እኛ ጠየቅን።

«ገመናዬን ለመንግሥት አላወጣም። አስተምራችኋለሁ ብያለሁ፥ አስተምራችኋለሁ» አሉ።

ቀኑ አለፈ። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ የሚተርፈው የሴፕቴምበር 2 ቀንም እንዲሁ አለፈ። በዚያ ዓመት ታናሹ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ እያደረ ጧት ክፍል ውስጥ ያንቀላፋ ነበር፤ ትልቁም መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ለሁለት ሰዓት እየተዋሰ ተማረ።

አባትን አልፎ መሙላትም አይቻልም። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ወዲህ ወላጅ በራሱ ስም መግቢያ አውጥቶ የግብር መዝገቡ እንዲታይ ራሱ መፍቀድ አለበት። ቅጹ በኦክቶበር መባቻ ስለሚከፈት አባት ለማግባባት አምስት ወር አለ ማለት ነው፤ እናንተ እንደ እኛ በመጨረሻው ሳምንት አትጀምሩ።

በሚቀጥለው ዓመት፥ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ አባታችን ከታክሲ ሥራቸው ሌሊት ተመልሰው «ኑ፥ የቱን እንደምነካ አሳዩኝ» አሉን። ፈቀዱ። ከዚያም የወረቀት ፖስታቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተውልን ሊተኙ ገቡ።

ቁጥሩ ከገመትነው እጅግ ያነሰ ነበር። ከግብሩ ወረቀት ሥር በየወሩ ወደ ደሴ፥ ለአያታችንና ለአክስታችን ልጆች፥ የላኩት ገንዘብ ደረሰኝ ተደርድሯል። መንግሥት የሕዝብ ገንዘብ ሲሰጥ ችግሩን መጠየቁን አንነቅፍም። ነገር ግን ቅጹን ከላይ እስከ ታች ብንፈልግ ለእነዚያ ደረሰኞች የሚሆን መስመር አጣን። በካሊፎርኒያ ሒሳብ ያ ገንዘብ አሁንም በአባታችን ኪስ ውስጥ ነው።

ደረሰኞቹን እንደ ነበሩ አጥፈን መለስናቸው። ጧት «ጨረሳችሁ?» አሉን። «ጨረስን፥ አባዬ» አልናቸው። ስለ ቁጥሩ እስከ ዛሬ አልተነጋገርንም።