ቁራጭ ዋንዛ ፍለጋ

አዲስ አበባ ውስጥ የዋንዛ በር መግዛት ይቻላል። ገንዘቡ ካለ አልጋም፣ ቡፌም፣ ስምንት ወንበር የሚከበው የምግብ ጠረጴዛም አሠርታችሁ ትወስዳላችሁ። 60 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም አንዲት ወፍራም ቁራጭ ዋንዛ ግን እስቲ ፈልጉ።

እኔ የፈለግኋት ለገበጣ ነበር። እናቴ በልጅነቷ መሬት ላይ ጉድጓድ እየማሱ በጠጠር ይጫወቱ እንደነበር ትነግረናለች። አሁን ጉልበቷ መሬት ስለማያስቀምጣት ጠረጴዛ ላይ የሚሆን ልሠራላት አሰብኩ። አናጢ አይደለሁም፤ እንጀራዬ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ አስረክቤ ክፍያ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ግን (በግሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ ይህ ጊዜ ስንት ወር እንደሆነ ያውቀዋል) ኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ላይ እንጨት እሠራለሁ። መክተፊያ፣ ማንኪያ፣ ትንንሽ ሣጥን። ጎረቤት እንዳይማረር በእጅ መጋዝና በመሮ ብቻ።

ጣውላ መሸጫ ስትሄዱ የምታገኙት ባለ 4 ሜትር ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔንሳቶና ኤምዲኤፍ ነው። «ስንት ፍሬ?» ይላችኋል ሻጩ። ቁራጭ መሆኑን ስትነግሩት ፊቱ ይለወጣል። «ወንድሜ፣ እኛ አንቆርጥም።» እውነቱን ነው። ከ4 ሜትር ጣውላ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ቢቆርጥልኝ የቀረውን ማን ይገዛዋል? ገበያው የተሠራው ቤት ለሚሠራና ዕቃ ለሚያሠራ ሰው ነው እንጂ ለእኔ ቢጤ አይደለም።

የሚያናድደው ከዚያው ሱቅ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። በሩ ላይ ጆንያ ተደርድሯል። ውስጡ ሰጋቱራና ፍቅፋቂ፣ ከመሃሉ ደግሞ አንድ ክንድ የሚሆን የዋንዛ ጉማጅ፣ ጥድ፣ አንዳንዴ ወይራ አለ። ሁሉም ለማገዶ ነው የሚሸጠው። ለበር የማይበቃው ለሣጥን እንደሚተርፍ አስቦ ለይቶ የሚያስቀምጠው የለም። ይህ ደግሞ የእንጨት እጥረት አይደለም፤ ቁራጭ ዕቃ ነው ብሎ የሚቆጥር ነጋዴ መታጣቱ ነው። አንድ ሰው ቁርጥራጭ በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ፣ በኪሎ መዝኖ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ ቢከፍት የመጀመሪያው ደንበኛ እኔ ነኝ።

እስከዚያው ያለው መንገድ ወዳጅነት ነው። አንድ አዛውንት አናጢ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃቸውን ሲጠርጉ እደርሳለሁ፣ ቡና አዛለሁ፣ ጆንያው ሳይታሰር እጄን እሰዳለሁ። «ያንን ተወው፣ ጉጥ አለበት» ይሉኛል። ከማንም በላይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ለምሳሌ ቀለም አትመኑ ይላሉ። ገበያ ላይ «ዋንዛ» ከሚባለው ውስጥ ቀለም የጠጣ ባህር ዛፍ አይጠፋም። ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ እንዲህ ያለውን በዋንዛ ዋጋ ሊሸጥልኝ ሲሞክር ጫፉን በቢላ ፋቅ አደረግኩት፤ ከቀለሙ ሥር የወጣው ሌላ መልክ ነበር። እውነተኛ ዋንዛ ቡናማነቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ወደ ቅርፊቱ በኩል ያለው ብቻ ነጣ ይላል። ክብደቱም ቀለል ያለ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል። አባቶች ከበሮውን፣ ሙቀጫውን፣ ቀፎውን ከዋንዛ የፈለፈሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥድ ከሆነ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል፤ ስትፍቁት እርሳስ የተቀረጸበት ክፍል ይሸታል። ድሮም የእርሳስ እንጨት ሆኖ ያገለገለ ዛፍ ነው። ምስጥ ስለማይደፍረውም የአጥርና የቤት ቋሚ ያደርጉታል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ለወለልና ለኮርኒስ ይወደድ ነበር፣ ነገር ግን ምስጥን አይችልም። ወይራ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ለእጀታና ለማንኪያ ወደር የለውም፤ መሮውን በየደቂቃው መሳል ግን አለባችሁ። ዋጋቸውን አልጽፍም፤ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይጨምራል።

ከዋጋው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ እንጨቱ ከየት መጣ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥትና ከጥብቅ ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደን አዋጅ ሁለት ጊዜ በአዲስ ተተክቷል፤ የመጨረሻው በ2010 የወጣው ቁጥር 1065 ነው። ጥቁር እንጨት የምንለው ደግሞ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ቁጥጥር አለበት። ገበሬ ማሳው ላይ ያሳደገውን ዋንዛ በፈቃድ ሲሸጥ ደስ ይለኛል፤ ልፋቱ ነው። ወረቀት ሲጠየቅ የሚኮሳተር ነጋዴ ዘንድ ግን አልገዛም። «አንተ የምትወስዳት ቁራጭ ምን ታመጣለች?» ይሉኛል። ለሚስማር መስቀያ ሲባል ደን መግባት የለበትም ባይ ነኝ፤ በተለይ ደረቁና ያረጀው እንጨት በየሰፈሩ ወድቆ እያለ።

ወድቆ ያልኩት ቃል በቃል ነው። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ ከዚያም ሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ሲከተሉ፣ በየፍርስራሹ የጥድ ቋሚ፣ የዝግባ ወለልና የዋንዛ መቃን ነበር። ቤቶቹ ይፍረሱ አይፍረሱ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ልተወውና ስለ እንጨቱ ብቻ ላውራ። ለብዙ አሥር ዓመታት ጣሪያ ሥር የደረቀ እንጨት ነው። አይጣመምም፣ አይሰነጠቅም። እንዲህ ያለ እንጨት ሌላ አገር በውድ ይሸጣል። እዚህ ብረቱና ቆርቆሮው መጀመሪያ ተለቀመ፤ እንጨቱ ተፈልጦ በሸክም ወደ ምድጃ ሄደ። የእናቴ ገበጣ የወጣው ከአንዲት ሴት የማገዶ ክምር ነው። ተሰብሮ የተጣለ የበር መቃን ነበር። የጠየቁኝ የማገዶ ዋጋ ነው፤ ጨምሬ ከፈልኳቸው፣ ግር ብሏቸው ተቀበሉኝ። ለሁለት ከፍዬ በኮላ አጣበቅኩት፣ 12 ጉድጓድ አወጣሁለት።

ይህን መንገድ የምትከተሉ ከሆነ ሁለት ነገር አደራ። መጋዝ ከማስገባታችሁ በፊት ማግኔት አስኬዱበት፤ የተደበቀ ሚስማር መጋዝ ይበላል። የድሮ ቀለም ደግሞ ሊድ ሊኖረው ይችላል። ቀለም የተቀባ እንጨት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ ልጅ ባለበት ቤት በተለይ። መክተፊያም አታድርጉት።

አሁን ልቤን የሰረቀው ግን አገር በቀሉ አይደለም፤ ግራቪሊያ ነው። አዎ፣ ያ በየግቢውና በየቡናው ጥላ የሚተከለው ረጅም ዛፍ። ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። እዚህ ለማገዶና ለርካሽ ጣውላ ነው የምናውቀው። ግንዱን እንደ ብርቱካን አራት ቦታ ከፍላችሁ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ስትሰነጥቁት ግን ገጹ ላይ እንደ ዳንቴል የተነቀሰ ነገር ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ «ሌስዉድ» እያሉ ለጌጥ ሣጥንና ለጊታር ይገዙታል። እኛ ዘንድ የሚሰነጠቀው በሌላ አቅጣጫ ስለሆነ ንቅሱ ተደብቆ ይቀራል። መሰንጠቂያ ቤት ሄዳችሁ «እንዲህ ሰንጥቁልኝ» ማለት ብቻ ነው፤ ትንሽ ይስቁባችኋል። ኬንያ ውስጥ ጥቁሩ የቅርጻቅርጽ እንጨት እየጠፋ ሲሄድ ቀራጮች ወደ ጃካራንዳና ማንጎ እንዲዞሩ ተመክሮ ብዙዎች ዞረዋል። ጃካራንዳ እኛ ጋ የመንገድ ዳር ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ የት እንደሚሄድ ተከታትዬ ገና አልደረስኩበትም። ግራቪሊያ ሲሠራ ቆዳ የሚያሳክከው ሰው አለ፤ እጅጌ ረጅም ልበሱ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ያሰነጠቅኩት አልጋዬ ሥር ነው። ውሃው በጫፍና ጫፉ ቶሎ ወጥቶ እንዳይሰነጥቀው ሁለቱንም ጫፍ ሰም ቀብቼዋለሁ፤ አየር እንዲያገኝ በየመሃሉ ቀጭን እንጨት አድርጌያለሁ። የተለመደው ስሌት ለ2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው፤ የእኔው 5 ነው። ባለቤቴ ሻንጣዋን የት እንደምታስቀምጥ በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች።